የቱ ፍየል ለየትኛው ጓሮ? የወተት ፍየል ምርጫ ታሪክ በድሬዳዋና በምሥራቅ ሐረርጌ



ስለ ፍየል ለመናገር ከታይዋን መጀመሬ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። ታይዋን ስል የራሳችንን የድሬዳዋን ገበያ ማለቴ ነው። ከውጭ አገር የገባ ልብስ፣ ጫማና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚደራበት በዚያ ገበያ ገዢው ዕቃውን ካገላበጠ በኋላ የሚጠይቀው የታወቀ ጥያቄ አለ፤ «የየት አገር ነው?» የሚል። የዕቃው ዋጋ ከመልሱ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ከዚያው ሰፈር ወጥቶ ወደ ፍየል ገበያ የሚሄድ ሰው ግን ሌላ ጠያቂ ይሆናል። ጥርሷን ከፍቶ ያያል፣ ግቷን ይዳስሳል፣ «ስንት ጊዜ ወልዳለች? ምን ስትበላ ቆየች? ሜዳ ለምዳለች ወይስ ታስራ ነው ያደገችው?» ይላል።

የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ ሁለት የመጠየቂያ መንገዶች መካከል ስለተጓዘ አንድ ታሪክ ነው። ባለ አነስተኛ ማሳ ቤተሰብ ለወተት የሚሆን ፍየል ሲፈልግ የትኛውን ዝርያ ይምረጥ የሚለው ጥያቄ በዚህ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በሰፊው ተጠይቋል። ገንዘብ ፈሶበታል፣ ፍየል ባሕር ተሻግሮ መጥቶበታል፣ የዶክትሬት ጥናት ተሠርቶበታል። የተገኘው መልስ ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ነበር። ያንን መልስ በሚገባ አለማስታወሳችን ዛሬም ዋጋ ያስከፍለናል ብዬ ስለማምን ነው ርዕሱን የመረጥኩት።

አገሩና ፍየሎቹ

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚህ ተነሥተን ዳገቱን ስንወጣ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሳንጓዝ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሐረማያ እንደርሳለን። በዚህች አጭር መንገድ ላይ አየሩ፣ ዝናቡ፣ ሰብሉና የከብት አያያዙ ይለወጣል። በቆላው በኩል ወደ ሽንሌ የሚዘረጋው ሜዳ የአርብቶ አደሩ አገር ነው፤ ፍየሉ ቁጥቋጦ ተከትሎ ይውላል። በደጋው በኩል ማሽላና ጫት በጠባብ ማሳ ላይ ተፋፍገው ይበቅላሉ፤ የግጦሽ መሬት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህም የሐረርጌ ገበሬ ከማሽላው ማሳ የሚያሳሳውን ቡቃያና የሚሸለቅቀውን ቅጠል ተሸክሞ በደጁ ለታሰረው በሬ ያቀርባል። የታወቀው የሐረር ሰንጋ የዚህ አያያዝ ውጤት ነው። በከተማው ደግሞ ከጫት ቃሚው ሥር የሚቀረውን ገረባ የሚለቅሙትን ፍየሎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ።

የእነዚህ ፍየሎች ዓይነት ለረጅም ጊዜ በወግ አልተመዘገበም ነበር። «የአበሻ ፍየል» ተብሎ በአንድ ስም መጠራት የተለመደ ነበር። ፋርም አፍሪካ የተባለው የብሪታንያ ግብረ ሰናይ ድርጅትና ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት የዳሰሳ ጥናት በኢትዮጵያና በኤርትራ 14 የፍየል ዓይነቶችን በመልክና በአያያዝ ለይቶ አስቀመጠ። በእኛ ዙሪያ ያሉት ሦስቱ ናቸው፤ የሐረርጌ ደጋ ፍየል፣ አጭር ጆሮ የሶማሌ ፍየልና ረጅም ጆሮ የሶማሌ ፍየል። ከዓመታት በኋላ በዘረመል የተደረገው ምርመራ የዓይነቶቹን ቁጥር ወደ ስምንት ዝቅ አድርጎታል። በመልክ ተለያይተው የሚታዩ ሁሉ በደም የተራራቁ አይደሉም ማለት ነው። የዳሰሳው ፍሬ ነገር ግን ጸንቷል፤ «የአገር ፍየል» የሚባል አንድ ወጥ ነገር የለም። የሶማሌዋ ፍየል በሙቀትና በውኃ ጥም ውስጥ ለወተትም ጭምር የተያዘች ናት፤ በአርብቶ አደሩ ቤት ልጅ የሚያድገው፣ ሻይም የሚነጣው በእርሷ ወተት ነው። በሌላ በኩል የፍየል ወተት ብዙም በማይጠጣባቸው የሰሜንና የመካከለኛው ደጋ ቀበሌዎች ፍየል ከምንም በላይ የሥጋና የገንዘብ ምንጭ ሆና ኖራለች። የዝርያ ምርጫ ከገበታ ባህል እንደማይለይ ከወዲሁ ልብ እንበል።

አለማያና የ1980ዎቹ ጥያቄ

በዚህ አገር የእርሻ ሳይንስ ታሪክ ከአለማያ ተነጥሎ አይነገርም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ጋር ተዋውሎ በ1950ዎቹ ያቋቋመው ኮሌጅ፣ በጅማ ጥቂት ከቆየ በኋላ እዚህ ተራራ ላይ ሰፈረ። እ.ኤ.አ. በ1985 የአለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ በ2006 ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ከአሜሪካ የእርሻ ትምህርት የወረሰው መንፈስ በአመዛኙ አንድ አቅጣጫ ነበረው፤ የተሻለ ዘር፣ የተሻለ ዝርያ፣ የተሻለ መሣሪያ አምጥቶ ለገበሬው ማድረስ። በዚያ ዘመን በዓለም ዙሪያ የተለመደው አካሄድም ይኸው ነበር።

እ.ኤ.አ. የ1984 እና የ1985 ረሃብ ጥያቄውን አከበደው። ሐረርጌ ከኦጋዴን ጦርነት መፈናቀል ገና ሳያገግም ድርቁ ደረሰበት፤ የመንደር ምሥረታ ዘመቻም በዚያው ሰሞን ተከተለ። ላም የሞተባት፣ በሬ የሸጠች እናት ልጆቿን ምን አጠጥታ ታሳድግ? ላም ብዙ መኖ ትፈልጋለች፣ ዋጋዋም ከፍ ያለ ነው፣ ከሞተች ሀብቱ በአንድ ቀን ይጠፋል። ፍየል ግን በአምስት ወር ትወልዳለች፣ ብዙ ጊዜም መንታ ትጥላለች፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ ትበላለች፣ ቤተሰቡ ሲቸገርም አንዷ ተሸጣ ሌላዋ ትቀራለች። ፋርም አፍሪካ የተመሠረተው በዚያው በ1985 ነው። በክሪስቲ ፒኮክ መሪነት የነደፈው የወተት ፍየል ልማት ፕሮግራም በአስርት ዓመቱ መጨረሻ በአለማያ ዩኒቨርሲቲ አጋርነት በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በተለይም በጉርሱምና በኮምቦልቻ ወረዳዎች ሥራ ጀመረ። ይህ ኮምቦልቻ የወሎው ሳይሆን የሐረርጌው ነው። በደቡብ ኢትዮጵያም ተመሳሳይ ሥራ ተከናውኗል።

በእንግሊዝ በኩል የመጣችው ኑቢያዊት

ለማዳቀያ የተመረጠችው አንግሎ ኑቢያን ነበረች። ምርጫው በዘፈቀደ የተደረገ አልነበረም። በዓለም ላይ በወተት ብዛት የታወቁት ሳነንና ቶገንበርግ ሁለቱም የስዊዘርላንድ ሸለቆዎች ልጆች ናቸው። ነጯ ሳነን በተመቻቸ ይዞታ በቀን ሦስት ሊትርና ከዚያ በላይ ትታለባለች፤ ነገር ግን ብርቱ ፀሐይ ያስቸግራታል። አንግሎ ኑቢያን በወተት ብዛት ከእርሷ ብታንስም ወተቷ ቅባቱ የበዛ ነው፣ ሙቀትንም ከሁሉም በተሻለ ትችላለች።

የሙቀት ችሎታዋ ምክንያት የትውልድ ታሪኳ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከግብፅ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሕንድ በመርከብ ወደ እንግሊዝ የተወሰዱ ረጅም ጆሮ ፍየሎች ከአገሬው ፍየሎች ጋር ተዳቅለው የተገኘች ዝርያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1879 የተቋቋመው የብሪታንያ የፍየል ማኅበር በ1910 በመዝገቡ ላይ ራሷን የቻለች ዝርያ አድርጎ ጻፋት። እንግዲህ የናይል ሸለቆ ፍየል ደም በእንግሊዝ የዘር መዝገብ በኩል ዞሮ ተመልሶ ወደ አፍሪካ ቀንድ መጣ። ነገር ግን የተመለሰችው ፍየል እንደሄደችው አልነበረችም። ከመቶ ዓመት በላይ ለሆነ ጊዜ በገለባ አልጋ፣ በእህል መኖና በሐኪም ክትትል ውስጥ ተመርጣ ነው የኖረችው። ሙቀቱን ትችላለች ማለት ረሃቡን፣ መዥገሩንና የውኃ ጥሙን ትችላለች ማለት አልነበረም።

የተደረገው ሥራ

ፕሮግራሙን በፍየል ማደል ብቻ የሚያስታውሱት ሰዎች ይበድሉታል። አስቀድሞ ሴቶችን በቡድን አደራጀ። ለየአባሏ የተሰጣት የመጀመሪያዋ ፍየል ድቅል አልነበረችም፤ የአገር ፍየል ነበረች። የተሰጠችውም በብድር ነው፤ ዕዳው ጡት በተወ ግልገል ይከፈላል፣ ግልገሉም ለሌላዋ ሴት ይተላለፋል። ከዚያ በጓሮና በእርከን ላይ እንደ ሉሲኒያና ሰስባኒያ ያሉ የመኖ ዛፎችን መትከል፣ አጭዶ ማብላት፣ ከመንደሩ በተመረጡ ሰዎች ክትባትና የመጀመሪያ ሕክምና መስጠት ተከተለ። ድቅል ፍየል የምትመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ አያያዟን ላሳየች ሴት ነበር። ድቅሎቹ የሶማሌ ፍየልና የአንግሎ ኑቢያን ልጆች ነበሩ። አካሄዱ ጥንቃቄ የተሞላበት እንደነበር መመስከር የታሪክ ጸሐፊ ግዴታ ነው።

የታሰበው ስሌት ግልጽ ይመስላል። ድቅሏ ከእናቷ ወገን ጽናትን፣ ከአባቷ ወገን ወተትን ትወስዳለች። በመጀመሪያው ትውልድ ላይ የድቅል ብርታትም ይጨመርበታል። ስለዚህ ከአገር ፍየል አብልጣ ትታለባለች፣ ቤተሰቡም አብልጦ ይጠቀማል። የዚህ ስሌት የመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም ድቅሏ ትልቅ አካልና ብዙ ወተት ሊኖራት ይችላል የሚለው፣ የሚያከራክር አልነበረም። የሚያከራክረው «ስለዚህ» የምትለው ቃል ነበረች።

መዝገቡ ምን አለ?

በ1990ዎቹ ወርቅነህ አያሌው ይህችን «ስለዚህ» ለመመርመር በጉርሱምና በኮምቦልቻ ገበሬዎች ዘንድ የፍየል መንጋዎችን ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በጀርመን ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ አነስተኛ ገበሬዎች ከአገር ፍየል ይልቅ ከድቅሏ አብልጠው ይጠቀማሉን? በ2003 ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢኮሎጂካል ኢኮኖሚክስ መጽሔት ላይ ፍሬ ነገሩን አሳተሙ።

የጥናቱ ትልቁ አስተዋጽኦ የመለኪያው ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ አንዲትን ፍየል ይዞ ወተቷን በሊትር፣ ግልገሏን በኪሎ መመዘን ነበር። እርሳቸው የመዘኑት መንጋውን በሙሉ ከቤተሰቡ ጋር ነው። ወተትና ሥጋ ብቻ ሳይሆን ፍጉም ተቆጠረ። ፍየል በችግር ቀን ተሸጣ ብድር ከመበደር የምታድን መሆኗ፣ ለድንገተኛ ወጪ እንደ ዋስትና የምትቀመጥ መሆኗም በገንዘብ ተተምኖ ገባ። ከዚያ ይህ ጠቅላላ ጥቅም ቤተሰቡ ባወጣው መሬት፣ ጉልበትና በያዘው ሀብት ላይ ተካፈለ፤ ምክንያቱም ለሐረርጌ ገበሬ የሚያጥረው አንድ ነገር ብቻ አይደለም።

ውጤቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ የአገር ፍየሎች የተሻለ አያያዝ ሲያገኙ በባህላዊው አያያዝ ካሉት በእጅጉ የላቀ የተጣራ ጥቅም ሰጡ። «የአገር ዝርያ ቢንከባከቡትም ለውጥ አያመጣም» የሚለው የቆየ እምነት በዚህ ተሰበረ። ሁለተኛ፣ በዚያ ለራስ ፍጆታ በሚመረትበት ኑሮ ውስጥ ድቅሎቹ ከአገር ፍየሎች የበለጠ ጥቅም ይሰጣሉ የሚለው መነሻ ሐሳብ ሳይደገፍ ቀረ።

እነዚህን ሁለት ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። መሻሻሉ እውነተኛ ነበር፤ ያመጣው ግን የመኖው፣ የክትባቱና የሴቶቹ ቡድን ሥራ እንጂ የባዕዱ ደም አልነበረም። አባቶቻችን «ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ዱላው ወደ ዝርያ ተወረወረ፤ ችግሩ የነበረው ግርግሙ ውስጥ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። የእኛ አካባቢ ሴት ፍየል ክብደቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ግራም ነው። ሙሉ አካል ያላት አንግሎ ኑቢያን ከ60 ኪሎ ግራም ታልፋለች፤ ድቅሏ በመካከል ትሆናለች። ፍየል በቀን ከክብደቷ 3 ወይም 4 ከመቶ የሚያህል ደረቅ መኖ ትበላለች ብንል፣ ለ30 ኪሎ ግራሟ አንድ ኪሎ ገደማ ሲበቃ ለ60 ኪሎ ግራሟ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ከዚህ ብዙው የሚሄደው ሰውነቷን ለማቆየት ነው፤ ወተት የሚሆነው ትርፉ ነው። ትርፉ ከሌለ ትልቋ ፍየል ትልቅ ረሃብተኛ እንጂ ትልቅ ታላቢ አትሆንም። በበጋው ወራት ማሽላው ከታጨደ፣ የመኖ ዛፉም ከደረቀ በኋላ ያንን ተጨማሪ ኪሎ ቅጠል ፍለጋ የምትወጣው፣ ተጨማሪውንም ውኃ የምትቀዳው ያቺው ቡድኑ ውስጥ ያለችው ሴት ናት። የድካሟ ሰዓት በሊትር መዝገብ ላይ አይታይም።

ሌላም አለ። የድቅል ብርታት በመጀመሪያው ትውልድ ላይ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ድቅል ከድቅል ሲራባ ግን ብርታቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ልጆቹም አንዱ ካንዱ የተለያየ ይሆናሉ። ደረጃውን ጠብቆ ለመቀጠል ንጹሕ አውራ ያለማቋረጥ የሚያቀርብ ጣቢያ፣ የዘር መዝገብ የሚይዝ ማኅበር፣ ደካማውን የሚያስወግድ ደንብ ያስፈልጋል። በጀት በየጥቂት ዓመቱ በሚዘጋበት የፕሮጀክት ዓለም ይህን ማቆየት ከባድ ነው።

የሜሩ ተቃርኖ

ታሪኩ «የውጭ ዝርያ አይሠራም» ብሎ የሚዘጋ ቢሆን ቀላል ነበር። ያው ፋርም አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 በኬንያ ሜሩ አካባቢ ቶገንበርግን ከአገሬው ፍየል ጋር የማዳቀል ሥራ ጀመረ፤ እዚያ ተሳካ። ለምን? በኬንያ ተራራ ዙሪያ ዝናቡና መኖው የተሻለ ነው። ሻይ በወተት ካልሆነ በማይጠጣበት አገር ወተት ገዢ አያጣም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገበሬዎቹ የራሳቸውን የፍየል አርቢዎች ማኅበር አቋቁመው የአውራውን አቅርቦትና የዘር መዝገቡን በእጃቸው አስገቡ። ሜሩና ጉርሱም ሁለቱም ለአንድ እውነት ይመሰክራሉ፤ ዝርያ ብቻውን መልስ አይሆንም፣ ከመኖው፣ ከገበያውና ከማኅበሩ ጋር ሆኖ ነው የሚመዘነው።

ከዚያ በኋላ በአገራችን የታየው ጉዞ ሁለት መንገድ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ድጋፍ የተጀመረው የበግና የፍየል ምርታማነት ማሻሻያ ፕሮግራም ቦር የተባለውን የደቡብ አፍሪካ የሥጋ ፍየል አስገባ። በሌላ በኩል ከ2009 ጀምሮ በመንዝ፣ በሆሮ፣ በቦንጋና በአፋር በጎች ላይ የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ የአገር ዝርያን በራሱ ውስጥ በመምረጥ ማሻሻልን ተከተለ፤ በኋላም ወደ ፍየሎች ተሸጋገረ። በዚህ ሁለተኛው መንገድ ገበሬዎቹ ራሳቸው መዝግበው የተሻለውን አውራ ይመርጣሉ፣ ይጋሩታልም። ለውጡ አዝጋሚ ነው፤ ነገር ግን ከወረዳው ውጭ የሚመጣ አውራ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. የ2020/21 የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቆጠራ በአገሪቱ ከ52 ሚሊዮን በላይ ፍየሎች እንዳሉ ሲያመለክት ከ99 ከመቶ የሚበልጡት የአገር ዝርያዎች ናቸው። ከአስርት ዓመታት የማዳቀል ሙከራ በኋላ የቀረን ሀብት ይህ ነው።

ለዛሬ መራጭ

ከእናንተ መካከል ነገ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም በፕሮጀክት የምትሠሩ ትኖራላችሁ። አንዲት እናት «የትኛዋን ፍየል ልግዛ?» ብላ ብትጠይቃችሁ ከታሪኩ የሚወጣው ምክር ይህን ይመስለኛል።

በድሬዳዋ ገጠርና በሽንሌ አቅጣጫ ባለው ቆላ፣ ፍየሏ ሜዳ የምትውል ከሆነ፣ የሶማሌዋን ፍየል የሚተካ አላውቅም፤ ከመንጋው ውስጥ ግልገሎቿን በደንብ ያሳደገችውን፣ በድርቅ ወር ያልነጠፈችውን እናት መርጦ ልጆቿን ማስቀረት ይሻላል። በደጋው ጠባብ ማሳ፣ መኖ በእጅ በሚቀርብበት ቤት፣ መጀመሪያ የመኖ ዛፍ ይተከል፣ ክትባቱ ይሟላ፣ የአገር ፍየል ይያዝ። አንድ ሙሉ ዓመት፣ በጋውን ጭምር፣ መኖ ካልተቋረጠ ስለ ድቅል ማሰብ ይቻላል። በከተማው ዳርቻ ወተት ገዢ በደጅ ላለው፣ መኖም ገዝቶ ለሚያበላ ሰው ደግሞ ድቅሏ ዋጋዋን ልትመልስ ትችላለች፤ አውራው ከየት እንደሚመጣና ከሦስት ዓመት በኋላም መገኘቱን አስቀድሞ ያረጋግጥ። ጥያቄዎቹ በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄዱ መልካም ነው፤ በጋውን ምን ትበላለች? ማን ያጭዳል፣ ማን ውኃ ይቀዳል? ወተቱን ማን ይጠጣል ወይም ይገዛል? ብትሞት ቤቱ ምን ይሆናል? «የየት አገር ናት?» የሚለው መጨረሻ ላይ ይመጣል።

የመጨረሻ ማሳሰቢያዬ ለታሪክ ተማሪዎች ነው። በ1970ዎቹ በድሬዳዋ አካባቢ የተተከለው ፕሮሶፒስ ዛሬ የቆላውን ግጦሽ እየዋጠ ነው፤ አንግሎ ኑቢያን ደግሞ በመቶኛ ስሌት እንኳ ለመታየት የማትበቃ ሆና ቀረች። አንዱ ከሚገባው በላይ ተስፋፋ፣ ሌላዋ ከታሰበላት በታች ቀረች። ሁለቱም የመጡት በቅን ልቦና ነው። የሁለቱንም ውጤት የተሸከመው ግን ምርጫውን ያደረገው ባለሙያ ሳይሆን በምርጫው የኖረው ገበሬና አርብቶ አደር ነው። ስለዚህ የጉርሱም የፍየል መዝገብ ለእንስሳት ሳይንስ ክፍል ብቻ የሚተው ሰነድ አይደለም። ማን እንደመረጠ፣ በምን እንደለካና ማን እንደከፈለ የሚነግረን የታሪክ ሰነድ ነው። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሱ ተመሳሳይ መዝገቦች እንዳሉ አልጠራጠርም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ ከዚያ ጀምሩ፤ በዚያ ዘመን ግልገል መልሰው ዕዳቸውን የከፈሉትን እናቶችም በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው።